ጨረር የማይገድለው የፍል ውሃ ባክቴሪያ፦ ዴይኖኮከስ ጂኦተርማሊስ ማነው?

አንድ አካል ላይ ምን ያህል ጨረር እንዳረፈ የሚለካው «ግሬይ» በሚባል መለኪያ ነው። ለሰው ልጅ ገዳዩ ቁጥር ትንሽ ነው። መላ ሰውነቱ ላይ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ግሬይ ያረፈበት ሰው ሕክምና ካላገኘ የመሞትና የመትረፍ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ 134 ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ሰዎች በከባድ የጨረር ሕመም ተይዘው ነበር፤ ከነሱ 28ቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ። በጣም የተጎዱት ላይ ያረፈው ጨረር 16 ግሬይ ቢደርስ ነው።

አሁን ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፦ 5,000። ዴይኖኮከስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ውስጥ 5,000 ግሬይ ተለቆባቸው ትንሽ ቆይተው ምንም እንዳልተፈጠረ መራባት የሚቀጥሉ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ጨረሩ አልበቃ ብሎት የሚኖረው ፍል ውሃ ውስጥ ነው። ስሙ ዴይኖኮከስ ጂኦተርማሊስ ይባላል። ዛሬ የምናወራው ስለሱ ነው፤ ግን ቀድሞ የታወቀውን ዘመዱን ሳናነሳ ታሪኩ በደንብ አይገባም።

ነገሩ የጀመረው ከተበላሸ ሥጋ ነው

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1956፣ ቦታው አሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ኮርቫሊስ ከተማ ነው። እዚያ ባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ አርተር አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የታሸገ ምግብን በጨረር ከጀርም ማጽዳት ይቻል እንደሆነ እየሞከረ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። በቆርቆሮ የታሸገው ሥጋ ላይ ማንኛውንም ሕይወት ያለው ነገር ይገድላል ተብሎ የሚታመን የጋማ ጨረር ይለቀቅበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያበላሸው ነገር ስለማይኖር ሥጋው እንዳለ ይቆያል።

ሥጋው ግን ተበላሸ። ውስጡ ሲታይ ቀላ ያለ ቀለም ያለው ባክቴሪያ በሕይወት ተገኘ።

ይሄ ባክቴሪያ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው ዴይኖኮከስ ራዲዮዱራንስ የተባለው። «ዴይኖ» በግሪክኛ አስፈሪ፣ ጉደኛ እንደማለት ነው፤ «ኮከስ» ድቡልቡል ፍሬ፤ «ራዲዮዱራንስ» ደግሞ ጨረርን የሚችል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ሲቀልዱ ከልብ ወለዱ ጦረኛ ወስደው «ኮናን» ይሉታል። ሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ማንም አይደንግጥ።

ራዲዮዱራንስ ግን ሙቀት ወዳድ አይደለም። የሚመቸው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በቃ የክፍል ሙቀት ሞቅ ሲል።

ፍል ውሃ ውስጥ የተገኘው ዘመድ

እ.ኤ.አ. በ1997 የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ሁለት አዳዲስ የዴይኖኮከስ ዝርያዎችን ማግኘቱን አሳወቀ። ሁለቱም የመጡት ከፍል ውሃ ነው። አንዱ ዴይኖኮከስ ሙራዪ ተባለ። ሁለተኛው የኛው ጂኦተርማሊስ ነው፤ የተገኘው ጣሊያን ኔፕልስ ከተማ አጠገብ ካለው የአኛኖ ፍል ውሃና መሃል ፖርቱጋል ካለው የሳኦ ፔድሮ ዶ ሱል ፍል ውሃ ነው። አኛኖ የሚገኘው በእሳተ ገሞራ አካባቢ ላይ ነው፤ የምድሩ ሙቀት ከሥር ይመጣል። የባክቴሪያው ስምም ከዚያው ነው፦ ጂኦተርማሊስ፣ የምድር ሙቀት።

ቀለሙ ብርቱካናማ ነው። የሚመቸው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እኛ እጃችንን ነክረን ብዙ መቆየት የማንችልበት ውሃ ለሱ ቤቱ ነው ማለት ነው። በዚያ በሚመቸው ሙቀት ላይ ሲሞከር ደግሞ ጨረርን፣ አልትራቫዮሌትንና ድርቀትን የመቋቋም አቅሙ ከራዲዮዱራንስ እኩል ሆኖ ተገኝቷል።

ሙቀትንና ጨረርን አንድ ላይ የሚችለው እሱ ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ሚሳሳ የሚባል፣ ሬዶን በሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ የታወቀ ፍል ውሃ አለ። ከዚያ የተገኘው ሩብሮባክተር ራዲዮቶለራንስም እንደዚሁ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ግን ቴርሞኮከስ ጋማቶለራንስ ነው። ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሥር፣ 2,000 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ፣ ከባሕሩ ወለል የሚፈላ ውሃ ከሚወጣበት ስንጥቅ የተገኘ ነው። በጣም የሚመቸው 88 ዲግሪ ነው፤ እስከ 30,000 ግሬይም ይችላል። እሱ ግን በትክክል ካየነው ባክቴሪያ አይደለም፤ አርኬያ የሚባል፣ ባክቴሪያ የሚመስል ግን በዘር ሐረጉ በጣም የራቀ ሌላ ወገን ነው። ብዙ ጽሑፎች አንድ ላይ «ባክቴሪያ» ብለው ያልፉታል፤ እኛ ብንለያቸው ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት መጠንቀቅ አለብን። «ሙቀት የሚችል ሁሉ ጨረር ይችላል» ማለት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ቴርመስ የሚባለው ወገን ነው። ቴርመስና ዴይኖኮከስ በዘር ሐረግ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ቴርመስ አኳቲከስ የተገኘው ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በ1960ዎቹ አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ካለ ፍል ውሃ ውስጥ ሲፈልጉ ነው፤ 70 ዲግሪ ይመቸዋል። የቴርመስ ወገኖች ግን እንደ ዴይኖኮከስ ያለ የጨረር ትከሻ የላቸውም። (በነገራችን ላይ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ እንጨት ተከትቶ የተመረመርነው የፒሲአር ምርመራ ሊኖር የቻለው በዚህ ባክቴሪያ ነው። ዲኤንኤን የሚያባዛው፣ ሙቀት የማያበላሸው ኤንዛይም መጀመሪያ የተወሰደው ከሱ ነው። ፒሲአርን የፈለሰፈው ኬሪ ሙሊስም እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሞበታል።)

ፍል ውሃ ሲነሳ ደግሞ ብዙዎቻችን የአፋሩ ዳሎል ትዝ ይለናል። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ተቃራኒ ውጤት አውጥተዋል። አንደኛው በጣም ጥቃቅን የሕይወት ምልክቶች አገኘሁ አለ፤ ሌላኛው ደግሞ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ገንዳዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ክርክሩ ግን ስለ ሙቀት፣ ስለ አሲድና ስለ ጨው እንጂ ስለ ጨረር አይደለም። ሙቀት ብቻውን ቢሆንማ ጥያቄ አልነበረም፤ ባሕር ሥር 122 ዲግሪ ላይ የሚራባ አርኬያ ተገኝቷል።

ጂኦተርማሊስን በሥራ ቦታ የሚያውቁት ሰዎችም አሉ፤ ብዙም አይወዱትም። የፊንላንድ ወረቀት ፋብሪካዎች ማሽናቸው ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ባክቴሪያው እዚያ ተመችቶት ተገኝቷል። ብረቱ ላይ ተጣብቆ ባለቀለም አተላ ይሠራል። ከብረት የማላቀቁ ሥራ እንዲህ አስቸጋሪ ስለሆነ ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚጣበቅ ለብቻው አጥንተውታል።

ይሄን ችሎታ ከየት አመጣው?

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ጥያቄ ነው። እንስሳ ጥርስ የሚያወጣው የሚነክሰው ነገር ስላለ ነው። ይሄ ባክቴሪያ ግን 5,000 ግሬይ የት አይቶ ያውቃል?

እስቲ እናስላው። በየዕለቱ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ የሚያርፍብን የተፈጥሮ ጨረር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ሲቨርት ጉዳትን ለመለካት የሚያገለግል የግሬይ ዘመድ ነው፤ ለግምት ያህል እኩል አድርገን ብንወስደው 5,000 ግሬይ ለመድረስ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መቆየት ያስፈልጋል። ኢራን ውስጥ ራምሳር የምትባል የተፈጥሮ ጨረሯ እጅግ ከፍተኛ የሆነ ከተማ አለች፤ አንዳንድ ቤቶች ውስጥ በዓመት 260 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። እዚያም ቢሆን 19,000 ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ሚሳሳም ብትሉ ያው ነው። ምድር ላይ እንዲህ ያለ ጨረር በአንዴ የሚለቀቅበት የተፈጥሮ ቦታ የለም።

ስለዚህ ጨረር አይደለም ያሠለጠነው። አንዳንዶች ለዚህ መልስ ሲያጡ «ከማርስ ነው የመጣው» እስከማለት ሄደዋል። ጥሩ የፊልም ታሪክ ይወጣዋል፤ ግን ዘሩ ሲመረመር ከሌሎች የምድር ባክቴሪያዎች ጋር ቁልጭ ያለ ዝምድና አለው። ከማርስ የመጣ የቴርመስ ዘመድ መሆን አለበት እንግዲህ!

አሳማኙ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አሜሪካ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቫሌሪ ማቲሞርና ጆን ባቲስታ ጨረር መቋቋም ያቃታቸውን የራዲዮዱራንስ ዝርያዎች ሰብስበው አደረቋቸው። ጨረር ያልቻሉት ድርቀትንም አልቻሉም። ጤነኛው ራዲዮዱራንስ ሲደርቅም ዲኤንኤው ልክ ጨረር እንደመታው ይበጣጠሳል፤ ውሃ ሲያገኝ ግን ይጠግነዋል። መድረቅ ደግሞ ምድር ላይ የየዕለት ነገር ነው። አፈር ይደርቃል፣ ኩሬ ይደርቃል፣ የፍል ውሃ ዳርም ይረጥባል ይደርቃል። በዚህ አያያዝ ባክቴሪያው የተዘጋጀው ለድርቀት ነው፤ ጨረር መቻሉ በምርቃት የመጣ ነው። ፍል ውሃ ውስጥ ለሚኖሩት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፦ ሙቀት ራሱ ዲኤንኤን ይጎዳል፤ ስለዚህ ጥገና ለነሱ የዘወትር ሥራ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚተርፈው?

ጨረር ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤን በቀጥታ ይመታል፤ በተጨማሪ ግን የሕዋሱን ውሃ ሰብሮ አደገኛ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ይፈጥራል፤ እነሱ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ያበላሻሉ። በጣም መጥፎው ጉዳት ሁለቱም የዲኤንኤ ክሮች አንድ ቦታ ላይ ሲበጠሱ ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ እንደዚህ ያለ ጥቂት ስብራት ሲገጥመው ያበቃለታል። ዴይኖኮከስ ግን ከ100 በላይ ደርሶበት በሰዓታት ውስጥ ይገጣጥመዋል።

አንዱ ብልሃቱ ኮፒ መያዙ ነው። አንድ ሕዋስ የዲኤንኤውን ሙሉ መጽሐፍ ከ4 እስከ 10 ኮፒ ይይዛል። አንድ ዓይነት መጽሐፍ አራት ኮፒ አላችሁ እንበል፤ ሁሉም ተቀዳደዱ። የተቀደዱበት ቦታ ግን ስለሚለያይ አንዱ ላይ የጎደለውን ሌላው ላይ እያያችሁ አንድ ሙሉ መጽሐፍ መልሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሚሮስላቭ ራድማን ቡድን ይሄ ጥገና ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሄድ አሳይቷል።

ግን ሌሎች ባክቴሪያዎችም ብዙ ኮፒ ሊኖራቸው ይችላል፤ ያም ሆኖ ይሞታሉ። ስለዚህ ሌላ ነገር አለ።

ጂኦተርማሊስ ለሳይንሱ ትልቅ ውለታ የዋለው እዚህ ጋ ነው። የራዲዮዱራንስ ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሙሉ በሙሉ ተነቦ ነበር፤ ሁሉም ሰው «የጨረር ጂን» ፍለጋ ገባ፤ ዕጩዎቹም በዙ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጂኦተርማሊስ ዲኤንኤ ተነቦ ከዘመዱ ጋር ሲነጻጸር ግን ዕጩ ከነበሩት ብዙዎቹ ጂኖች እሱ ጋ የሉም። እሱ ግን ያለነሱም ጨረሩን በእኩል ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ አጠረ፤ አንድ ተአምረኛ ጂን የሚባለው ተስፋም አብሮ ተነነ። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ጥንካሬ ካላቸው ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ሁለቱም ያላቸው ነገር ውስጥ ነው።

ሁለቱም ያላቸው ነገር ማንጋኒዝ ነው። አሜሪካዊው ማይክል ዴሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት ጨረር የሚችሉት ባክቴሪያዎች ውስጥ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ማንጋኒዝ ተከማችቶ ይገኛል። ማንጋኒዙ ከፎስፌትና ከትናንሽ የፕሮቲን ቁራጮች ጋር ተያይዞ እነዚያን አደገኛ የኦክስጅን ቅንጣቶች ያከሽፋቸዋል። እንደ ዴሊ አባባል ዋናው ምስጢር ዲኤንኤው አለመሰበሩ አይደለም፤ ይሰበራል። የሚጠበቁት ፕሮቲኖቹ ናቸው። ቤቱ ፈርሷል፤ ግንበኛውና አናጢው ግን በሕይወት አሉ፣ መሣሪያቸውም በእጃቸው ነው። ኢ ኮላይ ጋ ግን ከቤቱ ጋር ግንበኛውም ይሞታል።

ይሄ እውቀት ላቦራቶሪ ውስጥ አልቀረም። ለክትባት ጀርምን በጨረር ስትገድሉት ዲኤንኤው ይበጣጠሳል፣ ግን ሰውነታችን አይቶ የሚማርባቸው ፕሮቲኖችም አብረው ይበላሻሉ። የዴሊ ቡድን የባክቴሪያውን የማንጋኒዝ ውህድ አስመስሎ ሠርቶ ከጀርሙ ጋር ሲጨምረው ጀርሙ ሞቶ ፕሮቲኖቹ እንዳሉ ቆይተዋል።

«ጨረር ይበላል» የሚባለው ነገር

ሶሻል ሚዲያ ላይ «የኑክሌር ቆሻሻ የሚበላ ባክቴሪያ ተገኘ» የሚል ነገር ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ጂኦተርማሊስ ጨረር አይበላም። ጨረር አመንጪ የሆነን ንጥረ ነገርም ጨረሩን ሊያጠፋለት አይችልም፤ ሲዚየም 137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያ ኖረም አልኖረም ያው 30 ዓመት ነው።

እውነቱ ግን ራሱ በቂ ነው። አሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት ሃንፎርድ የሚባል ቦታ ለኑክሌር ቦምብ ፕሉቶኒየም ሲመረት የተረፈ ቆሻሻ በ177 ትላልቅ ጋኖች ውስጥ ከመሬት ሥር ተቀብሯል፤ መጠኑ ከ200 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው። የተወሰኑት ጋኖች ያፈስሳሉ። እንዲህ ዓይነት ቆሻሻ ውስጥ ጨረር ብቻ ሳይሆን እንደ ሜርኩሪና ክሮሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶችም አሉበት፤ ጨረሩ ራሱም ሙቀት ይፈጥራል። ተራ ባክቴሪያ እዚያ ቢላክ ይሞታል፤ ራዲዮዱራንስ ደግሞ ሙቀቱ አይመቸውም።

ለዚህ ነው የዴሊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ጂኦተርማሊስ የዞረው። ሜርኩሪን የሚለውጥ ጂን ከሌላ ባክቴሪያ ወስደው አስገቡለት፤ ባክቴሪያውም በሰዓት 50 ግሬይ እየተለቀቀበት፣ ሙቀት ውስጥ ሆኖ፣ መርዛማውን ሜርኩሪ ወደ ሌላ መልኩ ለወጠው። ሰው ያንን ቦታ 6 ደቂቃ ቢቆምበት 5 ግሬይ ያገኘዋል። ያለ ምንም የጂን ለውጥም ዩራኒየምንና ክሮሚየምን ኬሚካላዊ መልካቸውን መቀየር ይችላል። ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዩራኒየም ወደማይሟሟ መልክ ከተቀየረ ባለበት ይቀራል፤ ወደ ወንዝና ጉድጓድ ውሃ አይሄድም። ጨረሩ እዚያው አለ፤ መንገደኛነቱ ነው የቀረው። ሙከራው የተሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጂኑ የተለወጠ ባክቴሪያን ሜዳ ላይ መልቀቅ ሌላ ፈቃድና ሌላ ክርክር ይፈልጋል።

ከምድር ውጭ

ከማርስ አልመጣም ብለናል። ወደ ማርስ ቢሄድስ?

ጂኦተርማሊስ ሕዋ ላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ደርቆ፣ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ በተገጠመ መሣሪያ ላይ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ቆይቶ ተመልሷል። ተበታትነው ከተቀመጡት ሕዋሳት ይልቅ ተጣብቀው አተላ የሠሩት በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል፤ ያው የወረቀት ፋብሪካዎቹን ያማረረው ጠባይ ማለት ነው። ጃፓኖችም ሌሎች የዴይኖኮከስ ዝርያዎችን ለሦስት ዓመት ውጭ አቆይተው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ክምር ውስጥ ያሉት መትረፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳውቀዋል። ከላይ ያሉት ይሞታሉ፤ ሬሳቸው ከሥር ላሉት ጣሪያ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዴሊና ባልደረቦቹ ራዲዮዱራንስን አድርቀውና እንደ ማርስ አቀዝቅዘው ጨረር ለቀቁበት። እስከ 140,000 ግሬይ ቻለ። በስሌታቸው መሠረት የማርስ መሬት ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ተቀብሮ 1.5 ሚሊዮን ዓመት፣ 10 ሜትር ተቀብሮ ደግሞ 280 ሚሊዮን ዓመት ሊቆይ ይችላል። ላይ ላዩን ከሆነ ግን የፀሐዩ አልትራቫዮሌት በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ይሄ ሁለት ነገር ያመጣል። ማርስ ላይ ድሮ ሕይወት ከነበረ ሊገኝ የሚችለው ከሥር ነው። እኛ በላክነው መንኮራኩር ላይ ተሳፍሮ የሄደ የምድር ባክቴሪያም እዚያ ተቀብሮ ሊቆይና ነገ «የማርስ ሕይወት አገኘን» ሊያሰኘን ይችላል። መንኮራኩሮች ከመነሳታቸው በፊት እንደ ቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚጸዱት ለዚህ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2028 ሊልክ ያቀደው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለው ተሽከርካሪ እስከ 2 ሜትር ድረስ የሚቆፍር መሰርሰሪያ ተገጥሞለታል።